ቢሾፍቱ፦ ሐይቁን ሳያዩ የሚመለሱባት የሐይቅ ከተማ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ ቢሾፍቱ ሄድኩ። ቃል ገብቼላት ነበር። «አባዬ፣ ልጅ ሆነህ የዋኘህበትን ሐይቅ መቼ ነው የምታሳየኝ?» እያለች ስትነዘንዘኝ ከርማለች። እናቷ በምሳ ዕቃ ድፎ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቋጠረችልን። ከቃሊቲ ሚኒባስ ተሳፍረን ረፋዱ ላይ ደረስን።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል በር ለበር ስንዞር ዋልን። የመጀመሪያው በር ላይ «መግቢያው ከቡፌ ጋር ነው» ተባልን። ዋጋውን ስሰማ የወሩ አስቤዛችን ትዝ አለኝ። ሁለተኛው በር ላይ «ዛሬ ሠርግ አለ፣ ያለ ጥሪ ካርድ አይገባም» አሉን። ሦስተኛው ላይ መግቢያውን ልከፍል ኪሴ ስገባ ጥበቃው የምሳ ዕቃውን አየው። «ጋሼ፣ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አለኝ። ምሳ ዕቃውን እዚሁ ላስቀምጠውና ልጅቷ ውሃውን አይታ ትመለስ ብዬ ለመንኩት። ልጁ ክፉ አልነበረም። አንገቱን አቀርቅሮ «ለማየት ብቻ አይቻልም፤ እኔም የታዘዝኩትን ነው» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ጨመረ። «እኔ ልጅ ሆኜ የአባቴን ከብት ውሃ የማጠጣው እዚህ ነበር።»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የዚያ ጥበቃ ንግግር ነው። ከብት ሲያጠጣበት ያደገውን ውሃ ዛሬ ሌላ ሰው እንዳያየው ደሞዝ ተከፍሎት ይጠብቃል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ስለ ሎጅና ስለ ሪዞርት ለማማረር አይደለም የመጣሁት። ባለቤቶቹ በሕግ የተሰጣቸውን መሬት ነው ያጠሩት፤ ለብዙ ወጣትም እንጀራ ፈጥረዋል። ጥያቄዬ ከተማዋን ለሚያስተዳድሩና ለሚያቅዱ ሰዎች ነው። ቢሾፍቱ በታሪኳ አይታው የማታውቀው ዕድገት ሊመጣባት ነው። ያ ዕድገት ከመድረሱ በፊት የሐይቆቹ ዳርቻ የማን እንደሆነ፣ የከተማዋ ፍሳሽም የት እንደሚገባ ካልተወሰነ፣ በኋላ የሚወሰን ነገር አይኖርም።

◆ ከተማዋ እንዴት አደገች?

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአዳአ ሜዳ ላይ፣ በየረርና በዝቋላ ተራሮች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ስሟን ከኦሮምኛው «ቢሻን»፣ ማለትም ውሃ፣ ከሚለው ቃል ጋር የሚያያይዙት ብዙዎች ናቸው። በ1940ዎቹ መጨረሻ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደብረ ዘይት ተባለች፤ በ1990ዎቹ ደግሞ የጥንት ስሟ በይፋ ተመለሰላት። የሚኒባስ ረዳቶች ግን ዛሬም በሁለቱም ስም ይጠሯታል። እኔም እናቴ «ደብረ ዘይት» ስትል፣ የሠፈር ጓደኞቼ «ቢሾፍቱ» ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። በስሙ የሚጣላ ይጣላ፤ ዛሬ የኔ ጭንቀት ስሙ ውስጥ ያለው ውሃ ነው።

የከተማዋን ዕድገት ለማወቅ መንገዶቿን መቁጠር ይበቃል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የፈረንሳይ ባቡር በእሷ በኩል አለፈ። አየር ኃይሉ ዋና ሰፈሩን እዚያ አደረገ፤ አባቴም እንደ ብዙ የሠፈራችን አባቶች የአየር ኃይል ባልደረባ ነበር። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁና የግብርና ምርምር ማዕከሉ ተከተሉ። ከዚያም የዶሮ እርባታው፣ የአበባ እርሻው፣ ፋብሪካው መጣ። በ2007 ዓ.ም. የአዲስ-አዳማ የፍጥነት መንገድ አገልግሎት ሲጀምር የአዲስ አበባ ሰው ቁርሱን ቤቱ በልቶ ምሳውን ባቦጋያ መብላት ቻለ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ።

በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከተማዋ 73,372 ነዋሪ ነበራት። በ1999ኙ ቆጠራ 99,928 ሆነ። ከዚያ ወዲህ በሀገር ደረጃ ቆጠራ አልተካሄደም። ልብ በሉ፤ ስለ ቢሾፍቱ ውሃ፣ ትምህርት ቤት፣ መንገድና ፍሳሽ የሚታቀደው ሰዎቿ ሳይቆጠሩ ሃያ ዓመት ሊሞላ በተቃረበባት ከተማ ላይ ነው። ዱከምን አልፎ የሚሄድ ሰው ግን ቆጠራ አያስፈልገውም። በልጅነቴ ከገላን እስከ ዱከም፣ ከዱከም እስከ ቢሾፍቱ የጤፍ ማሳ ነበር። ዛሬ በመስኮት የሚታየው የፋብሪካ ጣሪያ፣ መጋዘንና ያላለቀ ፎቅ ነው።

ያ ማሳ ተራ ማሳ አልነበረም። የአዳ ጤፍ ሲባል የማያውቅ የአዲስ አበባ እናት የለችም። ማኛውን ስትገዛ ነጋዴው «የአዳ ነው» ካላት ዋጋ አትከራከርም። በ1998 ዓ.ም. የወጣውና በመላ ሀገሪቱ የተስፋፋው «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዝርያም የዚሁ የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የሥራ ውጤት ነው። ከተማዋ ስታድግ የምትበላው መሬት ከሀገሪቱ ምርጥ የእርሻ መሬቶች አንዱን ነው።

◆ አሁን የመጣው ግን ከእስካሁኑ ይለያል

በጥር 2018 ዓ.ም. በአቡሴራ የአዲሱ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ግንባታ በይፋ ተጀምሯል። ወጪው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲጠናቀቅ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቧል። የመጀመሪያው ምዕራፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲያልቅ ነው ዕቅዱ።

እንደ ኢትዮጵያዊ ደስ ይለኛል። አየር መንገዳችን ቦሌ ጠቦታል። ነገር ግን አየር ማረፊያ ብቻውን አይመጣም። ሠራተኛው ቤት ይፈልጋል። ሻንጣ የሚጭነው፣ ምግብ የሚያበስለው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ ጉምሩክ የሚያስጨርሰው፣ ለእነዚህ ሁሉ ሽሮ የምትሸጠው፣ ልጆቻቸውን የምታስተምረው ሁሉ ቤት ይፈልጋል። የቦሌ አየር ማረፊያ ሲሠራ ቦታው የከተማ ዳር ነበር። ዛሬ የከተማው እምብርት ሆኗል። ቦሌን ያየ ሰው በአቡሴራ ዙሪያ የሚሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አይጠበቅበትም። ቢሾፍቱ ለአዲስ አበባ የቅዳሜና እሁድ ማረፊያ የነበረችበት ዘመን እያበቃ ነው፤ ራሷ ትልቅ ከተማ ልትሆን ነው።

ለግንባታው በሺዎች የሚቆጠሩ አርሶ አደሮች ከመሬታቸው ይነሳሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ከቀድሞው የተሻለ እንደነበር አልክድም። ከመሬቱ ለዘለቄታው ለሚነሳ አርሶ አደር የ15 ዓመት ገቢውን ያህል ካሳ እንዲከፈለው ደንግጓል። ዳሩ ግን ገንዘብ ያልቃል። ገበሬው ከተሜ ይሆናል፤ ልጁም ከተሜ ይሆናል። መሬቱን ለሀገር ዕድገት የለቀቀ ሰው በምትኩ የሚያገኛት ከተማ ምን ዓይነት ናት ብሎ መጠየቅ ታዲያ ነውር ነው? ማሳው አየር ማረፊያ፣ ሐይቁ የአጥር ግቢ ከሆነበት ለእሱ የቀረው ምንድን ነው? የዚያ ጥበቃ ንግግር ያንገበገበኝ ለዚህ ነው።

◆ ሐይቆቹ መውጫ የላቸውም

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብዙ ሰው ስለ ቢሾፍቱ ሐይቆች የማያውቀው አንድ እውነት አለ።

ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያና አረንጓዴ ሐይቅ እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጉድጓዶች ናቸው። ከመሬት ሥር የወጣ የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ፈነዳ፤ ፍንዳታው ክብ ጉድጓድ ጥሎ ሄደ፤ ጉድጓዱም ውሃ ሞላው። ዳርቻቸው ገደል የሆነው ለዚህ ነው። ስፋታቸው ትንሽ፣ ጥልቀታቸው ግን ብዙ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ስፋት አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ይበልጣል። ሃያ አምስት ፎቅ ያለው ሕንፃ ቢቆምበት ጣሪያው አይታይም።

እነዚህ ሐይቆች ወንዝ አይወጣቸውም። ውሃቸው የሚመጣው ከዝናብ፣ ከአፋፉ ከሚወርድ ጎርፍና ከከርሰ ምድር ነው። ከላይ በፀሐይ ይተናል። ውሃው ሲተን ቆሻሻው አብሮት አይተንም። ማዳበሪያው፣ ሳሙናው፣ ፍሳሹ፣ ዘይቱ እዚያው ይቀራል፤ በየዓመቱም ይጠራቀማል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከአዲስ አበባ ጋር ስናነጻጽረው ይገባናል። አዲስ አበባ ወንዞቿን ለብዙ አሥርት ዓመታት የፍሳሽ ቦይ አድርጋቸዋለች። ጥፋት ነበር፤ ዛሬ እነሱን ለማጽዳት ምን ያህል ገንዘብና ጉልበት እየፈሰሰ እንደሆነ እያየን ነው። ሆኖም አዲስ አበባ አንድ ዕድል ነበራት። ቆሻሻዋን የአቃቂ ወንዝ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወስድላት ነበር። በታች ያለው ገበሬ ተጎዳ እንጂ የእሷ ወንዝ ክረምት በመጣ ቁጥር ይታጠብ ነበር። ቢሾፍቱ ይህ ዕድል የላትም። ሐይቋ ውስጥ የገባውን ነገር ጠርጎ የሚወስድላት ክረምት የለም።

ሌላም አለ። በእንዲህ ያለ ጥልቅ ሐይቅ የላይኛውና የታችኛው ውሃ ዓመቱን ሙሉ በደንብ አይቀላቀልም። ከታች ያለው ውሃ ኦክሲጅን ያጣል፤ ወደ ታች የሚሰምጠው ብስባሽ በበዛ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የላይኛው ውሃ ከብዶ ይሰምጣል፤ ያ ኦክሲጅን የሌለው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። በልጅነቴ አንድ ጠዋት ቆሮሶ በሆዱ ተገልብጦ ሐይቁን ሲሸፍነው አይቻለሁ። ሰፈርተኛው «ሐይቁ ተቆጣ» ይል ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሐይቁ ከታች የያዘውን ነበር የሚያሳየን። በተፈጥሮው እንዲህ ያለ ስስ ሚዛን ያለው ውሃ ላይ የአንድ ትልቅ ከተማ ፍሳሽ ብንጨምርበት ምን እንደሚሆን አስቡት።

እንደ አብዛኞቹ ከተሞቻችን ሁሉ በቢሾፍቱም ቤቱ የሚጠቀመው በግቢው የተቆፈረ የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው። መሬቱ የእሳተ ገሞራ ዐለትና አመድ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል። ከተማው የሚጠጣው ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ነው። ላይ የተቆፈረው መጸዳጃ፣ ከሥር ያለው የከርሰ ምድር ውሃና ሐይቁ ጎረቤታሞች ናቸው። ስለዚህ ስለ ሐይቁ ማውራት የሽርሽር ወሬ ብቻ አይደለም፤ ነገ ከቧንቧ ስለሚቀዳው ውሃ ማውራት ነው።

◆ ሐሮማያን አንርሳ

«ሐይቅ ምን ይሆናል፤ ስንት ዘመን የኖረ ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። ለእሱ ያለኝ መልስ አንድ ስም ነው፦ ሐሮማያ። ትውልድ ሲጠጣው፣ ዓሣ ሲያጠምድበት፣ ጫትና አትክልት ሲያጠጣበት የኖረ ሐይቅ ነበር። የሐረር ከተማም ውሃዋን ከዚያ ትስብ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ደረቀ። ከብት የሚጋጥበት ሜዳ ሆነ። ሁሉም ሰው የጮኸው ያን ጊዜ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። በቅርብ ዓመታት ውሃው መመለስ መጀመሩ ትልቅ ደስታ ነው፤ ግን በመሃል ከተሜው ሌላ ውሃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ ነበረበት።

ሐሮማያ የጠፋው በክፋት አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው ትንሽ ትንሽ ወሰደ። ማንም «ይህን ያህል ይበቃል» የሚል መስመር አላሰመረም። ቢሾፍቱም ዛሬ ያለችው እዚያ ላይ ነው። አንድ ሎጅ ሐይቅ አያጠፋም፤ አንድ የመጸዳጃ ጉድጓድም አያበላሸውም። ግን ቀጣዩን የሚያስቆም መስመር ከሌለ አንዱ ሃምሳ ይሆናል።

◆ ዳርቻው የማን ነው?

የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 ደንግጓል። በአንቀጽ 44 ደግሞ ማንም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ጽፏል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የሀገሪቱ ውሃ ሁሉ የጋራ ሀብት መሆኑን ይናገራል፤ የውሃ ዳርቻ ወሰን እንዲከለልና በዚያ ክልል ውስጥ የመኖሪያ ቤት እንዳይሠራ የሚከለክል አካል እንዲኖርም በር ይከፍታል። የሕግ እጥረት የለብንም። ውሃው የሁላችንም ነው ይላል ሕጉ። ችግሩ ወደ ውሃው የሚያደርሰው መንገድ ነው። ዙሪያውን ያለው መሬት በሊዝና በይዞታ ተሸንሽኖ ካለቀ፣ የሁላችን የሆነው ውሃ የጥቂቶች ጓሮ ይሆናል።

እስኪ ሆራን እንመልከት። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሁድ የኦሮሞ ሕዝብ ኢሬቻን ለማክበር እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ሆራ አርሰዲ ይተማል። በዚያ ዕለት ማንም ማንንም «ቡፌ ከፍለሃል ወይ» አይለውም። ሰዉ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ይመለሳል። በመስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ብዙ ወገኖቻችን ያለቁበት፣ እናቶች ዛሬም የሚያለቅሱለት ስፍራም ይኸው ነው። ያ ዳርቻ የሕዝብ ሆኖ የቆየው ሕዝቡ የራሱ አድርጎ ስለያዘው ነው። ስለ ሌሎቹ ሐይቆች እንዲህ ብሎ የሚቆም ባለቤት እስካሁን አልተገኘም።

በዚህ ላይ የሚነሳ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፣ እውነትም አለው። «ለሕዝብ ከተከፈተማ አለቀለት። ፕላስቲኩን ይጥልበታል፣ መኪናውን ያጥብበታል፣ የጫት ገራባ ይከምርበታል። ቢያንስ ሎጁ ግቢውን ያጸዳል» ይላሉ። ሎጆቹ ዛፍ መትከላቸውንና ግቢያቸውን ንጹሕ ማድረጋቸውን አይቻለሁ፤ አልክድም። ግን ይህ ክርክር የሚያረጋግጠው ጠባቂና ጽዳት እንደሚያስፈልግ ነው፤ ሕዝብ መከልከል እንዳለበት አያረጋግጥም። ሐዋሳ ሄዳችሁ ፍቅር ሐይቅን ተመልከቱ። ተማሪው፣ አዲስ ሙሽራው፣ ጡረተኛው፣ ቡና የምታፈላው ሴት ሁሉም በአንድ ዳርቻ ያመሻል። ሐዋሳ የራሷ የብክለት ችግር የለባትም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የሐዋሳ ልጅ ሐይቁ ሲቆሽሽ ያያል፤ ስለሚያይም ይቆጣል፤ ይጮኻል። ሐይቁን አይቶት የማያውቅ የቢሾፍቱ ልጅ ነገ ሲበላሽ ስለ ምን ይጮኻል? አጥር የሚከለክለው ሰውን ብቻ አይደለም፤ ምስክርንም ጭምር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የኢኮኖሚ ነው። «ድሃ ሀገር ነን፤ ባለሀብት በስንት ልመና መጥቶ እንዴት ዳርቻውን እንከለክለዋለን?» ይባላል። እኔ የማየው ተገላቢጦሹን ነው። ባለሀብቱን ወደ ቢሾፍቱ ያመጣው ሐይቁ ነው። ሐይቁ አረንጓዴ አተላ ከሆነና ጠዋት ጠዋት የሞተ ዓሣ ከሸተተ መጀመሪያ የሚዘጋው የእሱ ሆቴል ነው። የዳርቻ ክልል የባለሀብቱ ጠላት አይደለም፤ ዋስትናው ነው።

◆ ምን ይደረግ?

ረጅም ዝርዝር አላቀርብም። ሦስት ነገሮች ብቻ፦

አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ሐይቅ ዙሪያ መስመር ይሰመር። ከአፋፉ ጀምሮ ይህን ያህል ሜትር ውስጥ አዲስ ግንባታ አይፈቀድም ይባል። ካርታው በከተማ አስተዳደሩ ደጃፍ ላይ ይለጠፍ፤ ማንም እንዲያየው። የተሠራው ይፍረስ አላልኩም። በተሠራው ላይ አይጨመር፤ ያልተሠራበት ይትረፍ።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሐይቅ ቢያንስ አንድ የሕዝብ መግቢያ ይኑረው። ሰፊ መናፈሻ ባይሆንም ግድ የለም። አንድ የእግር መንገድ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ የቆሻሻ መጣያና ጠባቂ ይበቃል። ሥራውም ከመሬታቸው ለተነሱ ገበሬዎች ልጆች ቢሰጥ፣ ያ ጥበቃ በር የሚዘጋ ሳይሆን በር የሚከፍት ሰው ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ፍሳሹ ከሰዉ ይቅደም። ለአየር ማረፊያው ሠራተኛና አብሮት ለሚመጣው ሕዝብ አዲስ ሠፈር ከመሠራቱ በፊት የፍሳሽ መስመርና ማጣሪያ ይሠራ። ሆቴሎቹም የየራሳቸውን ፍሳሽ ማጣራታቸው ይረጋገጥ። የሐይቆቹ ውሃ በየጊዜው ይለካ፤ ውጤቱም ይነገረን። ለዚህ ባለሙያ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። እነዚህን ሐይቆች ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑ ምሁራን በዩኒቨርሲቲዎቻችን አሉ። ለአየር ማረፊያ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማሰባሰብ ለተነሳች ሀገር ይህ ከትርፍ የሚቆረስ ወጪ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው የምለው። የከተማ መሬት አንድ ጊዜ ካርታ ከወጣበት፣ አንድ ጊዜ ግንብ ካረፈበት በኋላ ለመመለስ ካሳው፣ ክሱና ለቅሶው ስንት እንደሆነ አዲስ አበባ ላይ አይተናል። ዛሬ በአንድ ስብሰባ ሊወሰን የሚችለው ነገር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በግሬደር ካልሆነ አይመለስም።

◆ ልጄስ?

ሐይቁን አየችው። ወደ መናኸሪያው ስንመለስ በሁለት አጥር መካከል ገና ያልተሠራበት ቁራጭ መሬት አገኘን። በእሾህ መሃል ገብተን አፋፉ ላይ ቆምን። ውሃው ከታች፣ ሩቅ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። ትከሻዬ ላይ አወጣኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችና «እዚህ ነው የዋኘኸው? አያቴ አትቆጣህም ነበር?» አለችኝ። ትቆጣኝ እንደነበር ነገርኳት። ድፎውንና እንቁላሉን እዚያው ቆመን በላን።

ልንሄድ ስንል መሬቱ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ የእንጨት ችካል አየሁ። ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ አለ። ቀያሾች ቀድመውን መጥተዋል። በሚቀጥለው ዓመት ስንመጣ እዚያ ቦታ ላይ በር፣ በሩም ላይ ጥበቃ ይኖራል ብዬ እፈራለሁ።

ግን ችካል ገና ግንብ አይደለም። የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ ችካሉ ግንብ ከመሆኑ በፊት መስመሩን አስምሩ። የቢሾፍቱ ልጆች የሆናችሁ ደግሞ ዳርቻችሁን ጠይቁ፤ ውሃው የእናንተ ነው።

ቸር ይግጠመን!